ከግቢው አጥር ማዶ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ባለፈው እትም ከዩኒቨርሲቲ አጠገብ ያለ የሰፈር ምክር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ምን መሥራት እንደሚችል ትንሽ ጽፌ ነበር። ደብዳቤው ጎረፈ። ገሚሱ ምስጋና ነው፣ ገሚሱ ክስ። ምስጋናውን ለራሴ አስቀርቼ ክሱንና ጥያቄውን ይዤ መጥቻለሁ።

ለማታውቁኝ፦ የምኖረው ከአንድ ዩኒቨርሲቲ የጓሮ በር ፊት ለፊት ነው። የሰፈራችን ምክር ቤት ጸሐፊ ሆኜ ብዙ ዓመት አገልግያለሁ። መሐንዲስ አይደለሁም፣ ሕግም አልተማርኩም። ግን የትኛው መብራት ማን ሲጨቀጭቅ እንደበራ፣ ማን ሲሰለች ደግሞ ጠፍቶ እንደቀረ አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የምክር ቤታችን አዲስ ጸሐፊ ነኝ። የዓመቱን ሪፖርት አዘጋጅቼ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ አነበብኩ። መብራት፣ የእግረኛ መንገድ ጥገና፣ የጽዳት ዘመቻ፣ ችግኝ፣ የአዲስ ተማሪዎች አቀባበል፣ ሁሉም አለበት። ሰው ግን ያዛጋ ነበር። አንድ አባት «ይሄ ሁሉ ሥራ የት ነው ያለው?» ብለው ሳቁብኝ። ሪፖርቱን አያይዤ ልኬልሻለሁ። ምን ጎደለው?

መልስ፦ አነበብኩት። ሥራው ጥሩ ነው፣ ሪፖርቱ ግን ሰው የለበትም። ከላይ እስከ ታች «ተከናውኗል»፣ «ተጠግኗል»፣ «ተተክሏል» ይላል። ማን ጠየቀ? ማን እምቢ አለ? ነገ ሲበላሽ ለማን ይደወላል? አንዱም የለም። እኚያ አባት በሥራው የሳቁ አይመስለኝም። የሚያገኙበት አድራሻ ነው ያጡት።

ከዩኒቨርሲቲ አጠገብ ያለ ሰፈር አንድ የራሱ ጣጣ አለው። በየዓመቱ ከነዋሪው ብዙው ይቀየራል። ዘንድሮ የጽዳት ዘመቻውን ያስተባበረው ልጅ ለከርሞ ተመርቆ ሄዷል። የመብራቱን ማመልከቻ ይዛ ቤት ለቤት ስታስፈርም የነበረችው ተከራይ ሌላ ከተማ ሥራ ይዛለች። ግቢ ውስጥ ስልክ ያነሳልሽ የነበረው የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊም ተዛውሯል። ስለዚህ እዚህ ሰፈር የምትሠሪው ሥራ ሁሉ ነገ ለማታውቂው ሰው የሚተላለፍ ነው። ይህን ያላሰበ ምክር ቤት በየዓመቱ ከዜሮ ይጀምራል። በየዓመቱም ያንኑ ሥራ «አዲስ ፕሮጀክት» ብሎ ያስመርቃል።

እንግዲህ ሪፖርቱን እንደገና ጻፊው። መጀመሪያ ያለቀውን ሥራ አስቀምጪ፣ ከጎኑ አሁን የማን ኃላፊነት እንደሆነ ጨምሪ። ቀጥሎ ተጀምሮ የቆመውንና የማን ጠረጴዛ ላይ እንደቆመ። መጨረሻ ላይ የተዋችሁትንና ለምን እንደተዋችሁት። ሰው ጆሮውን የሚሰጠው ለዚህች ለመጨረሻዋ ነው፣ እመኚኝ። «ይህን ሞክረን አልቻልንም» የሚል ምክር ቤት የቀረውን ሲናገር ይታመናል።

ሌላው የቀን መቁጠሪያው ነው። የናንተ ሪፖርት የበጀት ዓመቱን ይከተላል። የሰፈሩ ዓመት ግን የሚጀምረው ፍሬሾቹ ሻንጣ እየጎተቱ ሲመጡ ነው። የሚያልቀውም ፍራሽ በየደጃፉ ተጥሎ ሲታይ። «የአዲስ ተማሪዎች አቀባበል» ብለሽ የጻፍሽውን ቀኑን አየሁት። ትምህርት ከተጀመረ ሁለት ወር አልፎታል። እስከዚያ ልጆቹ ቆሻሻ የት እንደሚጣል ከሲኒየሮቻቸው ተምረው ጨርሰዋል። ምን እንደተማሩ አንቺም ታውቂያለሽ።

ለሳቁት አባት ደግሞ፣ አንድ ማታ አብረሻቸው ሰፈሩን ዙሪ። ወረቀቱንም እስክሪብቶውንም እሳቸው ይያዙ።

ጥያቄ፦ በምክር ቤታችን ጥያቄ ከግቢው በር እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ አዳዲስ የመንገድ መብራቶች ተተክለዋል። ገሚሱ ሰው ይመርቀናል። ገሚሱ «መኝታ ቤታችን ቀን ሆነ» እያለ ያማርራል። የሚገርመው፣ ተማሪዎቹ አሁንም ጨለማ ነው ይላሉ። ማንን እንስማ?

መልስ፦ ሦስቱንም። ሦስቱም እውነታቸውን ነው።

መጀመሪያ መብራት መጥቀሙን እንስማማ። እ.ኤ.አ. በ2016 (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) በኒው ዮርክ ከተማ በተመረጡ የሕዝብ መኖሪያ ሕንፃዎች ዙሪያ ብርቱ መብራቶች ቆመው ውጤቱ መብራት ካልተጨመረላቸው ጋር ተነጻጽሯል። ማታ ከቤት ውጭ የሚፈጸመው ከባድ ወንጀል በ36 በመቶ ገደማ ቀንሶ ነው የተገኘው። ስለዚህ ደክማችሁ አልቀራችሁም።

ተማሪዎቹ ጨለማ ነው የሚሉት ግን ተሳስተው አይደለም። ዓይን የሚለምደው በጣም የሚያበራውን ነው። ሁለት ምሰሶዎች በኃይል ሲያበሩ በመካከላቸው ያለው ቦታ ከድሮው ይበልጥ ይጠቁራል። አምፖሉ ደግሞ ወደ መሬት ማየት ሲገባው ወደ ጎን ካየ የሰውን መኝታ ቤት ያበራል፣ መንገዱን ይተወዋል። ማስተካከያው መከለያ ማስገጠምና አቅጣጫውን ወደ ታች ማዞር ነው። ብርሃን መጨመር ብዙ ጊዜ ነገሩን ያባብሰዋል።

ቀለሙንም ጠይቁ። ነጭ ሆኖ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ኤልኢዲ እንቅልፍ ይነሳል። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር በ2016 ለመንገድ መብራት ከ3000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ባደገ ቁጥር ወደ ሰማያዊ ያደላል) የማይበልጥ እንዲሆን መክሯል። ቁጥሩ ዕቃው ሲገዛ በሰነዱ ላይ ይጻፋል፣ ስለዚህ ሳይተከል በፊት ነው መጠየቅ ያለበት።

አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር። ቀና ብላችሁ ቅጠሉን እዩ። ስንት ቦታ ነው መብራቱ እየበራ፣ ብርሃኑ ግን ዛፍ ውስጥ የሚቀረው! መቀስ የሚፈታውን ችግር በአዲስ ምሰሶ ለመፍታት የሚሮጥ ኮሚቴ አይቻለሁ።

ምሰሶው የማይደርስበት ጠባብ መንገድ ካለ ወደ ቤቶቹ ዙሩ። በፊላዴልፊያ፣ በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ዙሪያ በ1990ዎቹ ከተሠሩት ሥራዎች አንዱ ይኸው ነበር። ወጪውን ተጋርተው የቤት ባለቤቶች በየፊት ለፊታቸው መብራት እንዲያስገጥሙ ተደረገ። የበረንዳ መብራት ሲቃጠል የሚቀይረው ሰው እዚያው ቤት ውስጥ አለ። ይሄን ነው የምወድለት።

ጥያቄ፦ ከተማሪዎች ጋር የተከልናቸው ችግኞች ከግማሽ በላይ ደረቁ። አፈሩ ይሆን?

መልስ፦ አፈሩን አትክሰሱት። የላካችሁትን ፎቶ አየሁት። አካፋ የያዘ ሰው ሞልቷል፣ ባልዲ የያዘ የለም። ተከላው ደግሞ ተማሪዎቹ ለረጅሙ እረፍት ሊወጡ ሲሉ ነው የተደረገው። ችግኝ የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ዓመታት ውሃ የሚያጠጣው ይፈልጋል። በሚቀጥለው ጥቂት ትከሉ። እያንዳንዱን ዛፍ ለተማሪዎች ክበብ ሳይሆን ፊት ለፊቱ ላለው ቤት አስረክቡ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። የምኖረው ከግቢ ውጭ ከጓደኞቼ ጋር ተከራይቼ ነው። ምክር ቤቱ የሚጠራን ለጽዳት ዘመቻና ለችግኝ ብቻ ነው። ስብሰባ ስንሄድ «እናንተ እኮ ሂያጅ ናችሁ» እንባላለን። ድምፅ ሊኖረን አይገባም?

መልስ፦ ይገባችኋል፣ ልጄ።

ሼሪ አርንስታይን የምትባል አሜሪካዊት በ1969 የሕዝብን ተሳትፎ በመሰላል መስላ ስምንት ደረጃ አውጥታለታለች። ነገሩ እንዲያው ሲነገርህ ሦስተኛው ላይ ነህ። አስተያየትህን ሲጠይቁህ አራተኛው ላይ። ሥልጣኑን በትክክል መጋራት የሚጀምረው ከስድስተኛው ነው። መጥረጊያ መያዝ ስንተኛው ላይ እንደሆነ አልጻፈችም፤ እኔ ከምድር ቤቱ አስቀምጠዋለሁ።

ሂያጅ መሆናችሁ እውነት ነው። ግን የሚሄደው ሰውየው እንጂ ወንበሩ አይደለም። ሁልጊዜ ተማሪ አለ። ዛሬ አንቺ የምትኖሪበት ክፍል ውስጥ ከሦስት ዓመት በኋላም አንዲት ተማሪ ትኖራለች፤ ያው ደረጃ ይሰበርባታል፤ ያው ቱቦ ይደፈንባታል። ሎስ አንጀለስን ተመልከቺ። የከተማዋ ቻርተር በ1999 ሲጸድቅ የሰፈር ምክር ቤቶችን በሕግ አቋቋመ፣ ዛሬ 99 ናቸው። አባላቱ ደመወዝ የላቸውም፣ ሥልጣናቸውም ማማከር ነው። ግን ድምፅ ያለው የቤት ባለቤት ብቻ አይደለም። እዚያ የሚኖር፣ የሚሠራ፣ በአካባቢው ባለ የትምህርት ወይም የእምነት ተቋም ቀጣይ ተሳትፎ ያለው ሁሉ ባለጉዳይ ነው።

ለምክር ቤታችሁ ይህን አቅርቡ። ለተማሪ አንድ ወንበር፣ ለወንበሩ ሁለት ሰው። አንዱ ሊመረቅ የቀረበ፣ ሌላው ሁለተኛ ዓመት። ቢያንስ ግማሽ ዓመት አብረው ይቀመጡ። ታላቁ ሲሄድ ታናሹ የትኛው ማመልከቻ የት እንደደረሰ ያውቃል። ምርጫው በተማሪዎች መካከል በግልጽ ይሁን፤ የሰብሳቢው የእህት ልጅ «የተማሪ ተወካይ» ሆኖ እንዳይመጣ። ስቄ የምጽፈው ይመስልሻል፣ ደርሶ ስላየሁት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ እናንተ። ተማሪ የሚመጣው ለድግስ ፈቃድ ሲፈልግ ከሆነ ማንም አይሰማውም። አሰልቺውን ስብሰባ ተቀመጡ። የፍሳሹን፣ የበጀቱን፣ የፓርኪንጉን። ከዚያ ምክር ቤቱ የሌለውን ነገር አምጡለት። የሲቪል ምህንድስና ተማሪ የእግረኛውን መንገድ መለካት ይችላል። የሕግ ተማሪ የኪራይ ውል አንብቦ ለጎረቤት ያስረዳል። የስታትስቲክስ ልጆች በር ላይ ቆመው ጠዋትና ማታ ስንት ሰው መንገድ እንደሚሻገር ይቆጥራሉ። ከንቲባ ጽሕፈት ቤት ሲኬድ «ብዙ ሰው ይሻገራል» ከማለት ቆጠራ ይዞ መሄድ እንዴት እንደሚለይ አትጠይቂኝ።

በገንዘብ ጉዳይ «አታውቁም» ቢሏችሁ የብራዚሏን ፖርቶ አሌግሬን ንገሯቸው። ከ1989 ጀምሮ ተራው ነዋሪ በየሰፈሩ ተሰብስቦ የከተማው የልማት ገንዘብ የት እንዲውል ይወስን ነበር። ሒሳብ አዋቂ ሆነው አይደለም የጀመሩት።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ በዚህ ሰፈር ልጆች አሳድጌ ድሬያለሁ። አሁን በግራም በቀኝም ጎረቤቴ ተማሪ ነው። ሳምንቱ መጨረሻ ላይ ሙዚቃው እስከ ሌሊት ነው። ምክር ቤቱ «ውይይት፣ ውይይት» ይለኛል። ነገ ከሚሄድ ሰው ጋር ምን ያወያያል? ፖሊስ መጥራት አይሻልም?

መልስ፦ ጋሼ፣ በመጀመሪያ ነጭናጫ አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ለአውሮፓ ባወጣው መመሪያ የሌሊት ድምፅ ከቤት ውጭ በአማካይ ከ40 ዴሲቤል ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። ይህ ጸጥ ያለ ቤተ መጻሕፍት ማለት ነው። በእርስዎ አጥር ላይ የሚጮኸው ስፒከር ከዚህ ጋር አይገናኝም።

የከተሜና የተማሪ ጠብ ደግሞ ዛሬ የመጣ አይደለም። ኦክስፎርድ ውስጥ እ.ኤ.አ. የካቲት 10 ቀን 1355 ተማሪዎች መጠጥ ቤት ገብተው ወይኑ አይረባም አሉ። ከባለመጠጥ ቤቱ ጋር ቃል ተለዋወጡ፣ ከዚያ ዱላ፣ ከዚያ ቀስት። ነገሩ ለቀናት ቀጥሎ 63 የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ተገደሉ ተባለ፤ ከከተማውም ብዙ ሰው ሞተ። ንጉሡ ለዩኒቨርሲቲው አደላ። የከተማው ሹማምንት በየዓመቱ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ለእያንዳንዱ ሟች አንድ፣ 63 ሳንቲም እንዲከፍሉ ተፈረደባቸው። ይህ ቅጣት የቆመው በ1825 ነው። የጥቂት ቀን ጠብ፣ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቅጣት! እርስዎ ከዚያ የተሻለ ጊዜ ላይ ነዎት፤ ቢያንስ ቀስት የለም።

ወደ ቁም ነገሩ። ፖሊስ ሲመጣ ሙዚቃው ይቀንሳል፣ ፖሊስ ሲሄድ ይመለሳል። በሩን ማንኳኳት የሚጠቅመው ደግሞ ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት ነው፣ ልጆቹ በገቡ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት። ስልክዎን ይስጧቸው፣ የአንዳቸውን ይቀበሉ። «ዝም በሉ» አይበሏቸው። «ስፒከሩን ከጋራው ግድግዳ አርቁት፣ ከወለሉም አንሱት» ይበሏቸው። ግድግዳ አልፎ የሚመጣው ቤዙ ነው፤ ቀጭኑ ድምፅ እዚያው ይቀራል። ልጆቹ ብዙ ጊዜ ይህን አያውቁም። ለነሱ ቀስ ያለ ሙዚቃ ነው፣ ለእርስዎ አልጋው ሲንቀጠቀጥ ነው።

ሌላው፣ ፊትዎን ወደ አከራዩ ያዙሩ። ተማሪው ይሄዳል፣ አከራዩ ግን አለ። ምክር ቤታችሁ የየቤቱን አከራይ ስምና ስልክ የያዘ መዝገብ አለው? ከሌለው በዚህ ዓመት የሚሠራው ሥራ ይኸው ይሁን። አንድ ምሰሶ ሳይተክል ይህን ብቻ ቢጨርስ እኔ አጨበጭብለታለሁ። በእንግሊዝ አንዳንድ የዩኒቨርሲቲ ከተሞች ከዚህም አልፈዋል። ከ2010 ወዲህ የአካባቢው አስተዳደር ከወሰነ የቤተሰብ ቤትን ለብዙ ተከራይ ማካፈል የፕላን ፈቃድ ይፈልጋል። አንድ መንገድ ሙሉ በሙሉ የተከራይ እንዳይሆን ነው።

ፖሊስን ለመጨረሻ ያቆዩት። ያን ጊዜም ቀኑንና ሰዓቱን የመዘገቡበት ወረቀት በእጅዎ ይኑር።

ጥያቄ፦ ከግቢው ዋና በር ፊት ለፊት ያለው ዜብራ ላይ መኪና አይቆምም። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ጠይቀን እስካሁን መልስ የለም። ሌላ መንገድ አለ?

መልስ፦ ጉብታውን መጠየቁን አትተዉ። ፍጥነት ቀልድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው መኪናው በሰዓት ከ50 ወደ 65 ኪሎ ሜትር ሲጨምር የሚመታው እግረኛ የመሞት ዕድል 4.5 እጥፍ ይሆናል።

ግን ዜብራውን አንድ ጊዜ ከሹፌሩ ወንበር ላይ ሆናችሁ እዩት። ጥጉ ላይ የቆመ መኪና አለ? ካለ ሹፌሩ ተማሪዋን የሚያያት መንገድ መሐል ከገባች በኋላ ነው። ከዜብራው ፊት መኪና እንዳይቆም ማድረግ ቀለምና ጥቂት የፕላስቲክ ምሰሶ ነው የሚፈልገው፣ አስፋልት መቁረጥ የለበትም። በአሜሪካ ሆቦከን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፣ የምህንድስና ዩኒቨርሲቲ ያለባት። መንታ መንገዶቿን እንዲህ እያጸዳች፣ ፍጥነትም እየቀነሰች ከ2017 መጀመሪያ በኋላ ከሰባት ዓመት በላይ በትራፊክ አንድ ሰው ሳይሞትባት ቆይታለች። ካሊፎርኒያም ከዜብራ ፊት መኪና እንዳይቆም በሕግ ከልክላለች።

ደብዳቤያችሁ ውስጥ «ጉብታ» ከሚለው በላይ «የማይታይ ዜብራ» የሚለውን አስቀድሙ። ፎቶው ከሹፌሩ ቦታ የተነሳ ይሁን።

ጥያቄ፦ ተማሪ ሲወጣ የሰፈሩ መንገድ በፍራሽ፣ በወንበርና በተሰበረ ቁም ሣጥን ይሞላል። በጽዳት ዘመቻችን አንስተን አንጨርሰውም።

መልስ፦ በቦስተን ብዙው የኪራይ ውል የሚለወጠው በአንድ ቀን፣ መስከረም 1 ነው (በፈረንጆቹ)። በዚያን ቀን ተማሪ የሚበዛበት የኦልስተን ሰፈር መንገድ በዕቃ ይጥለቀለቃል። ሰዉ «የኦልስተን ገና» ብሎ ይጠራዋል፣ ደህና ዕቃ በነጻ ስለሚገኝ። ቀልዱ ጥሩ ነው፣ ከፍራሹ ጋር የሚመጣው ትኋን ግን ስጦታ አይደለም።

የናንተም ችግር የቀን ችግር ነው። የዘመቻችሁ ቀን ዕቃው ከተጣለ በኋላ ነው። ከመውጫው ሁለት ሳምንት በፊት አንድ አዳራሽ ወይም የተዘጋ ፓርኪንግ ለምኑ። ደህናው ዕቃ እዚያ ይሰብሰብ፣ አዲስ ገቢዎች ሲመጡ ይውሰዱት። ጠረጴዛ፣ መደርደሪያ፣ ድስት፣ መብራት። ፍራሽና ትራስ አትቀበሉ፣ በፍጹም። የቆሻሻ መኪናውም በዚያ ሳምንት ተጨማሪ ዙር እንዲመጣ ከአሁኑ በጽሑፍ ይጠየቅ። አከራዮቹ ደግሞ ከመዝገቡ እየተደወለ ውል የሚያልቅበት ቀን ይጠየቁ። አያችሁ፣ ያ መዝገብ እንደገና መጣ።

ጥያቄ፦ ምክር ቤቱ ብዙ ሠርቷል፣ አልክድም። መንገዱ ተጠገነ፣ መብራት መጣ፣ መናፈሻው ጸዳ። ግን ሰፈሩ ባማረ ቁጥር አከራዬ ኪራይ ይጨምርብኛል። ለተማሪ ክፍል ክፍሉን ቢያከራይ የበለጠ ያገኛል። እኔ ብቻዬን ልጆች የማሳድግ ሴት ነኝ። ለሚያስወጣኝ ሥራ እንዴት ላጨብጭብ?

መልስ፦ አታጨብጭቢ። ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት ያንቺን ነው። ብዙ ሪፖርት ላይ የማይጻፈው ይህ ነው።

ቅድም ያነሳሁትን የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲን ልመለስበት። በ1996 ገደማ ዩኒቨርሲቲው በፕሬዚዳንቷ በጁዲት ሮዲን መሪነት በዙሪያው ያለውን ሰፈር ለማሻሻል ተነሳ። መብራት፣ ጽዳት፣ ጥበቃ፣ ንግድ፣ የቤት ባለቤትነት። በ1997 ለአካባቢው አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ተቋቋመ፣ በ2001 ደግሞ በዩኒቨርሲቲው ድጋፍ የሕዝብ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሥራው ሠርቷል። ትምህርት ቤቱ በጣም ጥሩ ሆነ። ከዚያስ? በትምህርት ቤቱ ክልል ያሉ ቤቶች ዋጋ ተሰቀለ። በ2013 ወላጆች ልጆቻቸውን ለማስመዝገብ ቀናት ቀድመው በጥር ብርድ ደጃፉ ላይ ተሰለፉ፣ በመጨረሻ ምዝገባው በዕጣ ሆነ። ትምህርት ቤቱ የተከፈተው ለሰፈሩ ልጆች ነበር። በኋላ ግን እዚያ ለመኖር አቅም ያለው ማን እንደሆነ ራሱ ጥያቄ ሆነ።

የሰፈር ምክር ቤት ኪራይ ማስቆም አይችልም። ያንን ቃል የሚገባልሽ ካለ ምርጫ ቀርቧል ማለት ነው። ግን አንድ አቅም አለው፦ ዩኒቨርሲቲው የሆነ ነገር በሚፈልግበት ሰዓት መናገር። ዩኒቨርሲቲ በየጊዜው ይሰፋል። ሕንፃ ሊሠራ ሲል ከከተማው ፈቃድ ይጠይቃል። ያን ቀን ነው ምክር ቤቱ ወረቀቱን ይዞ መገኘት ያለበት። በሎስ አንጀለስ የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2017 የከፈተውን ትልቅ የተማሪዎች መኖሪያና የገበያ መንደር ለመሥራት ፈቃድ ሲጠይቅ፣ በ2012 በተደረሰው ስምምነት ለአቅመ ደካሞች ቤት 20 ሚሊዮን ዶላር ለማዋጣት ተስማምቷል። ነዋሪዎችና ማኅበሮቻቸው ሲጮኹ ቆይተው ነው። በቂ ነው አልልሽም። ነገር ግን ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ ቢጮኹ ኖሮ ያም አይገኝም ነበር።

አንቺ ምክር ቤቱን ሁለት ነገር ጠይቂው። አንደኛ፣ ዩኒቨርሲቲው ለምን ያህል ተማሪ ማደሪያ እንዳለውና ለምን ያህሉ እንደሌለው በጽሑፍ ይጠየቅ። ማደሪያ ያላገኘ ተማሪ ሁሉ ያንቺን ቤት የሚፈልግ ሰው ነው። ጠላትሽ ስለሆነ አይደለም፣ ማደር ስላለበት ነው። ሁለተኛ፣ በዓመቱ ሪፖርት ውስጥ አንድ መስመር ይጨመር፦ በዚህ ዓመት ስንት ነባር ቤተሰብ ከሰፈሩ ወጣ፣ ለምንስ ወጣ። አዲሷ ጸሐፊ፣ ይህን እያነበብሽ ከሆነ መስመሩን አንቺም ውሰጂው። ከመናፈሻው በላይ ይጻፍ።

ጥያቄ፦ በፈተና ሰሞንና በእረፍት ጊዜ ለስብሰባ ምልዓተ ጉባኤ አይሞላልንም። ደንቡ በየወሩ ይላል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ደንቡን አሻሽሉት። በዚያ ወር ስብሰባ ይቅርና ሁለት ሰው ሰፈሩን ዞሮ የተሰበረውን ይመዝግብ፣ የመብራት ምሰሶውን ቁጥር ጨምሮ። ተማሪው ሲመለስ የመጀመሪያው አጀንዳ ዝግጁ ነው።

ስለ ውሻ የጻፋችሁልኝ፣ አይቼዋለሁ። በሚቀጥለው እትም።